ጸጋ 20/80 አይደለም

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞ እስከ ቦሌ አራብሳ፣ በከተማው ዳር የሚኖር ሰው አንድ የኮንዶሚኒየም ስሌት በቃሉ ያውቃል፤ 20/80። ሃያውን እጅ እኔ እቆጥባለሁ፣ ሰማንያውን ባንክ ያበድረኛል፣ ዕጣ ሲወጣልኝ ቁልፍ እረከባለሁ። አቅሙ የፈቀደለት በ40/60 ተመዝግቧል፤ አቅሙ ያነሰው በ10/90። ለቤት ይህ ደህና ስሌት ነው። ችግሩ እሑድ ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ ቅዳሴ የሚሄደውም፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ አዳራሽ የሚገባውም ይህንኑ ስሌት ይዞ እግዚአብሔር ፊት መቆሙ ነው። «እኔ የምችለውን ልጹም፣ ልጸልይ፣ ልመጽውት፤ የጎደለውን እሱ ይሞላዋል።» ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል።

ክርስትና ጸጋ የሚለው ግን ይህን አይደለም። እንዲያውም 20/80ን ጠጋ ብሎ ላየው፣ ሰማንያውም ስጦታ አይደለም፤ ከነወለዱ የሚመለስ ብድር ነው። በዚህ ስሌት የሚያምን ሰው ሃያውን የሞላ ሲመስለው ይኮራል፣ ሰማንያውን ሲያስብ ይጨነቃል፣ ዕጣው ሲዘገይበት ደግሞ እግዚአብሔርን ይቀየማል። ሦስቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊፈራረቁበት ይችላሉ። ሰውየው እምነቱ ደካማ የሆነ ይመስለዋል፤ የተበላሸው ግን ሂሳቡ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። ጸጋ ግእዝ ነው። «ጸገወ» ማለት በነጻ ሰጠ፣ ቸረ ማለት ነው። የግእዙ ጸ በአማርኛ አፍ ብዙ ጊዜ ጠ ስለሚሆን «ባለጸጋ» የነበረው «ባለጠጋ» ሆኖ ቀረ። ስለዚህ በእኛ ጆሮ ጸጋ ከሀብት ጋር ዝምድና አለው፤ ልዩነቱ ሀብቱ የሌላ ሰው መሆኑ ላይ ነው። በግሪክኛው አዲስ ኪዳን ቃሉ «ካሪስ» ሲሆን ከ150 ጊዜ በላይ ይገኛል። ጳውሎስ ስሙን ያኖረባቸው 13ቱም መልእክቶች በጸጋ ሰላምታ ተጀምረው በጸጋ ቡራኬ ያልቃሉ። በማቴዎስና በማርቆስ ወንጌል ውስጥ ግን ቃሉ አንድ ጊዜ እንኳ የለም። ጌታ ጸጋን ሲያስተምር ትርጓሜ አልሰጠም፤ ስለ ቀን ሠራተኛ፣ ስለ ዕዳ፣ ከቤት ስለወጣ ልጅ ነው ያወራው።

ምሕረትና ጸጋም አንድ አይደሉም። ሂሳብ ያልያዘ ተሳፋሪ ታክሲ ውስጥ ተገኘ እንበል። ረዳቱ «ውረድ» ሊለው ሲገባ ዝም ቢለው ምሕረት ነው። ለመመለሻውም የሚሆን ብር ከኪሱ አውጥቶ ቢያስይዘው ጸጋ ነው። ምሕረት የሚገባውን ቅጣት ያስቀራል፤ ጸጋ የማይገባውን ይሰጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። አማርኛ «ጸጋ» የሚለውን ቃል ለብዙ ነገር ስለሚጠቀምበት ሰዎች ሳይግባቡ ይከራከራሉ። «ጸጋ አላት» ስንል ብዙ ጊዜ ድምፅዋ ያማረ ዘማሪ ማለታችን ነው፤ ያ የጸጋ ስጦታ ነው፣ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥8-10 ዘጠኙ የተዘረዘሩበት ዓይነት። የጸጋ ስጦታ ለአንዱ ይሰጣል፣ ለሌላው አይሰጥም፤ ደግሞም ያለው ሰው ሕይወቱ ሊበላሽ ይችላል። «የጸጋ ስግደት» ሲባል ደግሞ ለፈጣሪ ብቻ ከሚገባው የባሕርይ ስግደት ለመለየት ነው። በታሪክም «የጸጋ ልጅ» የሚለው ሐረግ ስለ ክርስቶስ ልደት በተደረገው ረጅም ክርክር የአንድ ወገን መጠሪያ ነበር፤ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የዚህ ወገን «ሦስት ልደት» የሚባል ትምህርት የተወገዘው በዚህ ክርክር ነው። ይህ ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ ርዕስ የተለየ ጉዳይ ነው። እዚህ የምንነጋገረው ሰውን ስለሚያድነው ጸጋ ነው።

ማቴዎስ 20 ላይ ያለውን የወይን አትክልት ምሳሌ ለመረዳት የአማርኛ አንባቢ የታደለ ነው። ባለቤቱ ጠዋት ወጣ፣ ከዚያ በ3 ሰዓት፣ በ6፣ በ9፣ በመጨረሻም በ11 ሰዓት። በሌላ አቆጣጠር የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት በጣቱ ይቆጥራል፤ ለእኛ 11 ሰዓት 11 ሰዓት ነው፤ ለመምሸት አንድ ሰዓት የቀረው። ቦታውንም እናውቀዋለን። አካፋና ዶማ የያዙ ሰዎች ጠዋት በማለዳ የሚቆሙበት መንታ መንገድ በየሰፈሩ አለ። ፎርማኑ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመርጠው ትከሻው የሰፋውን ነው። በ3 ሰዓት ደህና ጉልበት ያላቸው ይሄዳሉ፣ በ6 ሰዓት መሐለኞቹ። በ11 ሰዓት ቆመው የቀሩት እነማን እንደሆኑ ማንም አይጠፋውም፤ ሽማግሌው፣ ቀጭኑ፣ እጁን የታመመው። «ስለ ምን ሥራ ፈታችሁ?» ሲባሉ የሰጡት መልስ የሰነፍ መልስ አይደለም፤ የሚቀጥረን አጣን ነው ያሉት።

ማታ ሂሳብ ሲከፈል ለሁሉም አንድ አንድ ዲናር። ዲናር የአንድ ቀን ምንዳ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የዕለት ጉርስ ማለት ነው። የዲናር አንድ አሥራ ሁለተኛ ለልጆች እራት አይሆንም። ባለቤቱ የከፈለው በሠሩት ሰዓት ልክ ሳይሆን ቤታቸው የሚጠብቃቸውን አፍ አይቶ ነው። ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚቀረው ግን የአከፋፈሉ ቅደም ተከተል ነው። ባለቤቱ ከኋለኞቹ ጀምር አለ። ከፊተኞቹ ቢጀምር ኖሮ የጠዋቶቹ ዲናራቸውን ይዘው ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር፤ ማንም አያይም፣ ማንም አያጉረመርምም። ሆን ብሎ እንዲያዩ አደረገ። የጠዋቶቹ ከተዋዋሉት አንድ ሳንቲም አልጎደለባቸውም፤ ያመማቸው የሌላው ማግኘት ነው። «ወይስ እኔ መልካም ስለ ሆንሁ ዓይንህ ምቀኛ ናትን?» የሚለው ጥያቄ የቀረበው ለእነርሱ ነው።

(ምሳሌውን ለሠራተኛ ምንዳ መቀነሻ የሚጠቅስ ሥራ ተቋራጭ ካጋጠማችሁ፣ ባለቤቱ ከውል በታች የከፈለው አንድም ሰው እንደሌለ አስታውሱት።)

ጳውሎስ ይህንኑ በአንድ መስመር ያስቀምጠዋል፤ «ለሚሠራ ደመወዝ እንደ ዕዳ ነው እንጂ እንደ ጸጋ አይቈጠርለትም» (ሮሜ 4፥4)። አሠሪ ደመወዝ ሲከፍል ቸር አይባልም፤ ዕዳውን ከፈለ ነው የሚባለው። እቁብም እንዲሁ ነው፤ ተራዬ ደርሶ የማነሳው የራሴን መዋጮ ነው። እድር ትንሽ ወደ ጸጋ የቀረበ ይመስላል፣ ሰው ካዋጣው በላይ ሊያገኝ ይችላልና። ግን ወርሃዊውን ካልከፈልኩ፣ ቀብር ካልወጣሁ፣ ቅጣቱ ከተከማቸብኝ ከመዝገብ እሰረዛለሁ፤ ድንኳኑም ወንበሩም አይመጣም። እነዚህ ግሩም ተቋማት ናቸው፤ ያለ እነርሱ በከተማ ዳር መኖር አይቻልም። ሆኖም ዕድሜ ልኩን በእነርሱ መዝገብ የኖረ ሰው እግዚአብሔርንም የእድር ዳኛ አድርጎ ቢያስበው አይገርምም።

ሌላው ምሳሌ ማቴዎስ 18 ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ ቁጭ ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። አገልጋዩ ለንጉሡ 10,000 መክሊት ዕዳ አለበት። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው። ሲባዛ 60 ሚሊዮን ዲናር ይሆናል፤ የ60 ሚሊዮን ቀን ምንዳ። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው ምንም ሳይበላ ቢከፍል 200,000 ዓመት ይፈጅበታል። ይህ ሰው ወድቆ ምን አለ? «ታገሠኝ፥ ሁሉንም እከፍልሃለሁ።» የለመነው የመክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ ነው። ንጉሡ ማራዘሚያ አልሰጠውም፤ ዕዳውን ሰረዘለት።

ሰውየው ወጥቶ 100 ዲናር ያበደረውን ባልንጀራውን አነቀ። ስንሰብክ «ለትንሽ ዕዳ» እያልን እናልፈዋለን። ትንሽ አይደለም። 100 ዲናር የ100 ቀን ምንዳ ነው፤ እሑድ እሑድ ያረፈ ሰው አራት ወር የሚጠጋ የለፋበት ነው። በዛሬ ቀን ሠራተኛ ክፍያ አስቡት። ወንጌሉ የጎረቤትህ በደል ኢምንት ነው አላለም። ያለው፣ ከተተወልህ ጋር ሲነጻጸር 1 ለ 600,000 ነው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ የተተወለት ሰው ለምን አነቀ? በእኔ ንባብ መልሱ ልመናው ላይ አለ። ማራዘሚያ ለምኖ ስረዛ ተቀበለ፣ ሲወጣ ግን ማራዘሚያ የተሰጠው መስሎት ወጣ። ዕዳው ከመዝገብ ጠፋ፣ ከጭንቅላቱ አልጠፋም። አሁንም መክፈል እንዳለበት የሚያምን ሰው እያንዳንዷን ዲናር ይፈልጋታል። ብዙ ጸሎተኛ፣ ብዙ ጿሚ፣ ግን ከልጁም ከሚስቱም ከሠራተኛውም ጋር ሂሳብ የሚተሳሰብ ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ ምናልባት የክፋት ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ማራዘሚያ ላይ ነው ያለው።

«እንግዲያው ምንም አንሥራ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ መምጣቱ አይቀርም። መምጣቱም ጥሩ ምልክት ነው፤ ጳውሎስም ጸጋን ባስተማረ ቁጥር ይህ ጥያቄ ስለሚመጣበት ሮሜ 6ን የጀመረው በእሱ ነው፤ «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» መልሱ አይደለም ነው። ነገር ግን አይደለም የሚለውን ለመረዳት 20/80ን የሚተካ ሌላ ሥዕል ያስፈልጋል። ከከተማው ወጣ ብላችሁ ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ሱሉልታ ማሳዎች ተመልከቱ። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ መሬቱን አራት አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያርሳል፣ ሐምሌ ላይ ይዘራል፣ ያርማል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ያጭዳል። «ከዚህ ምርት ስንት እጁ ያንተ፣ ስንት እጁ የዝናቡ ነው?» ብትሉት ይስቅባችኋል። ያለ ዝናብ አምስቱም እርሻ አቧራ ነው። ዝናቡ ወርዶ ያላረሰም አረም ያጭዳል። ግን ድርሻ አይከፋፈሉም፤ ዝናቡ ሙሉ በሙሉ ስጦታ ነው፣ እርሻውም ሙሉ በሙሉ የገበሬው ነው። ቢጠየቅም የሚለው «ዘንድሮ እግዜር ሰጠን» ነው። ፊልጵስዩስ 2፥12-13 ይህንኑ ይላል፦ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ፤ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና። «ነውና» የሚለውን ልብ በሉ። የምንሠራው የጎደለውን ለመሙላት ሳይሆን እርሱ ስለሚሠራ ነው።

ጸጋን ፈቃድ አድርጎ የሚወስድ ሰውም አለ፤ «ጌታ ይቅር ባይ ነው» እያለ ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ፣ የተከራይን ቅድሚያ ክፍያ የሚክድ አከራይ። ይህ ጸጋ የበዛበት ሰው አይደለም፤ ጸጋ ያልነካው ነው። ቲቶ 2፥11-12 ጸጋን አስተማሪ ያደርገዋል፤ ክፋትን እንድንክድ፣ በጽድቅ እንድንኖር የሚያስተምረን ራሱ ጸጋው ነው ይላል። ተማሪ ቤት ገብቶ ምንም ያልተማረ ልጅ «ተማሪ ቤት ነበርኩ» ማለት ይችላል። ከዚህ በላይ ግን ማለት አይችልም።

አሁን በየግቢው ወደሚነሣው ክርክር። በአንድ ግቢ ውስጥ ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ አንዳንዴም ካቶሊኩ አብረው ይኖራሉ፤ «እናንተ በሥራ እንድናለን ትላላችሁ»፣ «እናንተ ደግሞ ሥራ አያስፈልግም ትላላችሁ» ይባባላሉ። ሁለቱም ክሶች የተሳሳቱ ናቸው። በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፔላግዮስ የሚባል መነኩሴ ሰው በራሱ ፈቃድ ጥረት ጽድቅን መፈጸም ይችላል ብሎ አስተማረ። በ418 እ.ኤ.አ. የካርታጎ ጉባኤ ትምህርቱን አወገዘ። በ431 እ.ኤ.አ. የኤፌሶን ጉባኤም የፔላግዮስን ባልደረባ የኬለስጢዮስን ሐሳብ የተከተሉትን ካህናት ከሥልጣን እንዲወርዱ በቀኖናዎቹ ወሰነ። ኤፌሶን ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤያት ሦስተኛው ነው። ስለዚህ «በራስ ሥራ መዳን» የተዋሕዶ ትምህርት ነው ማለት ከራሷ ጉባኤ ጋር ያጋጫል። ሃያው የእኔ፣ ሰማንያው የእርሱ የሚለውን፣ ማለትም መጀመሪያውን እርምጃ ሰው በራሱ ይጀምራል የሚለውን ደግሞ ምዕራባውያን በ529 እ.ኤ.አ. በኦራንጅ ጉባኤ ተቃውመውታል። በሌላ በኩል ከፕሮቴስታንቱ ወገን የሆኑት ሉተራውያን ሥራ አያስፈልግም አላሉም፤ ሥራ የመዳን ምክንያት አይደለም፣ ፍሬ ነው አሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. ካቶሊኮችና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በአውግስቡርግ የጋራ መግለጫ ፈርመው በዚህ ጉዳይ ላይ መሠረታዊ ስምምነት እንዳላቸው አስታውቀዋል።

ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። ትልቅ ልዩነት አለ። ተዋሕዶ ጸጋ በምሥጢራት በኩል እንደሚሰጥ፣ መዳንም ከጥምቀት ጀምሮ እስከ ሞት የሚዘልቅ ጉዞ እንደሆነ ታስተምራለች። ወንጌላውያን መጽደቅ በእምነት በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ፍርድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቅድስና ነው ይላሉ። ክርክሩ ጸጋ እንዴት ይደርሰናል፣ እንዴት ይሠራል የሚለው ላይ ነው። ጸጋው የማን ነው የሚለው ላይ ክርክር የለም።

መከራከር ለሚወዱ አንድ የንባብ ምክር። ኤፌሶን 2፥8ን የምትጠቅሱ ከሆነ ቁጥር 10 ሳትደርሱ አታቁሙ፤ «ከሥራ አይደለም» ካለ በኋላ ወዲያው «መልካሙን ሥራ ለማድረግ» ተፈጠርን ይላል። ያዕቆብ 2ን የምትጠቅሱም የአብርሃምን ዘመን ቁጠሩ። ጳውሎስ ሮሜ 4 ላይ የሚጠቅሰው ዘፍጥረት 15ን ነው፤ አብርሃም አመነ፣ ጽድቅ ሆኖ ተቈጠረለት። ያዕቆብ የሚጠቅሰው ዘፍጥረት 22ን፣ ይስሐቅን መሠዊያ ላይ ያኖረበትን ቀን ነው። ዘፍጥረት 15 እስማኤል ከመወለዱ በፊት ነው፤ አብርሃም እስማኤልን ሲወልድ 86 ዓመቱ ነበር፣ ሲገረዝ 99። ይስሐቅ ደግሞ የተወለደው 100 ዓመት ሲሞላው ነው። እንግዲህ «ጸደቀ» በተባለበት ቀን እና ልጁን ባቀረበበት ቀን መካከል ረጅም ዓመታት አሉ። ጳውሎስ ሥሩን፣ ያዕቆብ ፍሬውን ያሳያሉ፤ ዛፉ አንድ ነው።

በተግባር 20/80 የሚገባባቸው ቀዳዳዎች የታወቁ ናቸው። በተዋሕዶ በኩል አንደኛው ቀኖና ነው። ሰው ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፣ አባት ስግደት፣ ጾም፣ የጸሎት ቁጥር ወይም ምጽዋት ይሰጡታል። ቀኖና ሕክምና ነው። ምላሱ የሳተ ዝምታን፣ እጁ የተጨበጠ ምጽዋትን እንዲለማመድ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ዋጋ አድርጎ የወሰደው ሰው ግን ስግደቱን ካላሟላ ብድር ያልከፈለ ይመስለዋል፤ የንስሐ አባቱን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ተመልሶ «አባ፣ አልጨረስኩም» ማለት። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ የሚሸከም ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ገና ሲሰጠው ሁኔታውን ይናገር፤ አባት የሚለውጡት ለዚህ ነው። ለኑዛዜ ሲሄዱም የራስን ሥራ ብቻ ይዞ መሄድ ነው። «እሷ ስላናደደችኝ» ብሎ የሚጀምር ኑዛዜ የባለቤቱን ኃጢአት መናዘዝ ነው።

ሁለተኛውና የከፋው ቁርባን ነው። በየአጥቢያው የሚታይ ነገር አለ፤ የሚቆርቡት ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። መሐሉ ያለው ትውልድ «ገና አልበቃሁም» እያለ ከ20 ዓመቱ እስከ 60 ዓመቱ ይቆማል። በንስሐ መዘጋጀት ግዴታ ነው፤ 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መከልከልም እንዲሁ። «አልበቃሁም» የሚለው ግን ዝግጅት አይደለም፤ ሃያውን እጅ እስክጨርስ ልቆጥብ ማለት ነው፣ ሃያው ደግሞ አያልቅም። ቅዳሴው ራሱ ለዚህ መልስ አለው። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ሲል ሕዝቡ እኛ ቅዱሳን ነን አይልም፤ «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ይላል። ቅዱሱ አንዱ እግዚአብሔር እንደሆነ ተናግሮ ነው የሚቀርበው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅም (ቁጥሩ የኮንዶሚኒየም ይመስላል እንጂ አይደለም) ሕፃኑ ምን ሠርቶ ነበር? ከጡት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። የልጅነት ጸጋ የሚሰጠው በዚያ ዕድሜ ነው።

ስለትም ይህ ቀዳዳ አለበት። ለምስጋና የተሳለ ሰው ጥሩ አደረገ። «ልጄ ፈተናውን ካለፈ ጃንጥላ አገባለሁ» ሲባል ግን ጥያቄው፣ ባያልፍስ ነው። ባያልፍ ታቦቱን የሚቀየም ሰው ሲሳል ሳይሆን ሲገበያይ ነበር።

በወንጌላውያን በኩል ቀዳዳው ሌላ ቦታ ነው። ኮንፈረንስ በመጣ ቁጥር «እንደገና ጌታን የሚቀበል» ሰው አለ። ያለፈው ዓመት እንባ ስለደረቀ ድነቱም የደረቀ ይመስለዋል። እዚህ ሃያው እጅ ስሜት ሆኗል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በቆርቆሮ አዳራሽም ሆነ በድንኳን «ይህን ያህል ዝሩ፣ ይህን ያህል ታጭዳላችሁ» ሲባል፣ ሐዋርያት ሥራ 8፥18-20ን ከፍቶ ማንበብ ነው። ሲሞን የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ ለመግዛት ብር አቀረበ፤ ጴጥሮስ ብሩ ከእርሱ ጋር ይጥፋ አለ። አሥራትና መባ መስጠት መልካም ነው። ለመስጠት የተነሣው እጅ ቀድሞ የተቀበለ እንደሆነ ካላወቀ ግን ግዢ ነው።

ጸጋ በግቢ ውስጥ ምን ይመስላል? ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በብድር ነው። ጎረቤት 3,000 ብር ተበደረ እንበል፤ ቀኑ አለፈ፣ አሁን ደረጃ ላይ ሲያገኛችሁ ሰላምታው ያጠረ ነው። ብዙዎቻችን «ግድ የለም» ብለን እንተዋለን፣ ከዚያ በየቡናው እናወራዋለን። ይህ ይቅርታ አይደለም፤ በክፍያ መልክ ስሙን እየወሰድን ነው። ደግ የሚባለው መንገድ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የጠፋውን በቁጥር አምኖ መቀበል፣ ትንሽ ነው አለማለት። ከዚያ መወሰን፤ ልጠይቅ ነው ወይስ ልተው? መጠየቅም ኃጢአት አይደለም፤ በወር 500 እየከፈለ ይጨርስ ማለት ትክክል ነው። ልተው ከተባለ፣ ገንዘቡ የባልና የሚስት ከሆነ ሁለቱ ይስማሙ። ከዚያ ለሰውየው በቃል መንገር ነው፤ «ጋሼ፣ ያን ብር ትቼዋለሁ፣ እንዳይከብድዎት።» ካልነገሩት ዕዳው በእሱ በኩል አልተሰረዘም፤ ሲያያችሁ መሸሹን ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ማንሳት የለም። ነገ ሌላ 3,000 ቢጠይቅስ? ይቅርታና እምነት አንድ ስላልሆኑ «የለኝም» ማለት ይቻላል። ድብደባና ስርቆት ደግሞ ሌላ ነው፤ ልብ ይቅር ቢልም ጉዳዩን ሕግ መያዙ ጸጋን አይሽረውም።

ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ የሚያስብሉን ቃል «ይቅር ለእግዚአብሔር» ነው። ለአንተ አይልም፣ ስለ ጸባይህም አይልም። በዳዩ ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ወጥቷል። ምናልባት አማርኛ ስለ ጸጋ ካስተማረን ሁሉ ትልቁ ይህ ሦስት ቃል ያልሞላ ሐረግ ነው።

ከመስጠት ይልቅ መቀበል ሲከብደን ደግሞ ስንፈተን እንገኛለን። ብድር በምድር የሚል ሕዝብ ነን። ጎረቤት በዓል ሲሆን አንድ ሳህን ዶሮ ወጥ ብትልክልን ሳህኑን ባዶውን መመለስ ያሳፍረናል፤ ብርቱካንም ቢሆን ጣል አድርገንበት ካልመለስን ውለታ በላ የሆንን ይመስለናል። ልማዱ መልካም ነው፣ አይጥፋ። ግን አንድ ጊዜ፣ ለልምምድ ያህል፣ ሳህኑን አጥባችሁ ባዶውን መልሱ፤ «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ብላችሁ። ቃሉ እኮ ራሱ የሚለው መክፈል አልችልም፣ እርሱ በእኔ ፋንታ ይስጥሽ ነው። የሷም መልስ የታወቀ ነው፤ «አብሮ ይስጠን።» ሰጪዋም ከተቀባዮቹ ጋር እጇን ዘርግታለች።